ፓኪስታን አሜን ያለችበት ከሰዓት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ለሴሚስተር እረፍት ወደ ላሊበላ በመጣሁበት፣ የእኛ ሁዳዴና የሙስሊሞቹ ረመዳን ተገጣጥመው በገቡበት ሰሞን ነው። ቤዛዊት እባላለሁ። የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታሪኩን በወግ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ እያሳቀኝ አላስጨርስ አለኝ። አሁን ግን ጥርሴን ነክሼ ከመጀመሪያው ልጀምር።

«ፓኪስታን ደግሞ ከየት መጣች?» እንዳትሉኝ እሱን ላስቀድም። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ የነበረችኝ ስልክ ወንድሜ ይበልጣል ሲበቃው የሰጠኝ ነበረች። አንዱን ነገር ለመክፈት ስነካት እንደ ሽማግሌ አስባበት፣ አስባበት ነው የምትከፍተው። መፍትሔ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስገባ ሁሉም «አዲስ ግዢ» ይለኛል። አንድ ገጽ ብቻ «አዲስ መግዛት እንደማትችሉ እናውቃለን፤ ስለዚህ እንዲህ አድርጉ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። ገጹ የሚዘጋጀው ላሆር በምትባል የፓኪስታን ከተማ ሲሆን፣ ለአገሩ ሰው የቴክኖሎጂና የኢንተርኔት ዜና ከነትንታኔው ያቀርባል። አንባቢዎቹ የሚያማርሩት መብራት ስለመጥፋቱ፣ ሳይጠቀሙበት ጊዜው ስለሚያልፍ ፓኬጅና ዘመዶች በሚልኩት የእንኳን አደረሳችሁ ፎቶ ስለሞላ ስልክ ነው። የሰፈሬን ሰዎች ወሬ በሌላ ቋንቋ የማነብ ይመስለኝ ነበር።

መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ በእንግሊዝኛ አስተያየት መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ በጣም ስለሳሳ ስልክ ዜና ሲወጣ፣ «እኛ አገር ስልክ የሚገዛ ሰው ስለ መሳሳቱ አይጠይቅም፤ ባትሪው ከማኅሌት እስከ ቅዳሴ ይቆያል ወይ ነው የሚለው» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያነበቡ ሰዎች «እኛም ያው ነን» እያሉ ከየከተማው መለሱልኝ። ቀስ በቀስ «የላሊበላዋ ልጅ» የሚል ስም ወጣልኝ።

በዚያ እረፍት ገጹ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በየሳምንቱ ሐሙስ በሚያስተላልፉት ቀጥታ ስርጭት ላይ ከውጭ አገር ሆኖ ዜና የሚያቀርብና አስተያየት የሚሰጥ አንድ አንባቢ ይፈልጋሉ። ሦስት ሰዎች አሥር አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸው ይሞከራሉ፤ አንድ ከናይጄሪያ፣ አንዲት ከስሪላንካ፣ አንዲት ደግሞ ከላሊበላ። ስሜን ሳይ አልጋ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ።

እዚህ ላይ ምን ያህል እንደጓጓሁ እንድትረዱኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእረፍቱ በኋላ የትምህርት ክፍል መምረጥ ነበረብን። ቤተሰቤ በሙሉ አካውንቲንግ ይላል። እኔ ልቤ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ግን እችለዋለሁ ወይ? ከቤት ውጭ ማንንም ብጠይቅ «አንቺ የፈለግሽውን» ከማለት በቀር አይመልስልኝም። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከተመረጥኩ ኮምፒውተር፣ ካልተመረጥኩ አካውንቲንግ። ዕድሌን በሙሉ ለአሥር ደቂቃ አስረከብኩት ማለት ነው።

የዝግጅቱ መሪ ሳና የምትባል ወጣት ሴት ናት። ከቀኑ በፊት በስልክ አነጋገረችኝ። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል።

«ቤዛ፣ ያንቺ ተራ የመጨረሻው ነው፤ ከማፍጠሪያችን በፊት» አለችኝ። «በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ተርቦ፣ ተጠምቶ፣ ስልኩን ይዞ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። ብዙ ተመልካች ይኖርሻል። ግን ስሚኝ፣ አዛን ሲል ስርጭቱ ያልቃል። ማራዘም የሚባል ነገር የለም። ፀሐይን መለመን አልችልም።»

«ገባኝ። አንዲት ሰከንድ አላሳልፍም» አልኳት። እንዴት ያለ ድፍረት ነበር!

ርዕሴን መረጥኩ፤ ሌቦች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅ አስመስለው እየሠሩ፣ ልጅ መስለው እናት ዘንድ እየደወሉ ገንዘብ ስለሚያስልኩበት አዲስ ዘዴ። አራት ገጽ ጻፍኩ። በቃሌ ያዝኩት። መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ይበልጣል በበሩ ብቅ ብሎ «እግዚኦ፣ መስታወቱ ራሱ እንግሊዝኛ ቻለ እኮ» ይለኛል። ይበልጣል አስጎብኚ ነው። በእንግሊዝኛ አፉን ከከፈተ አብያተ ክርስቲያናቱን ሳያዞር የማይዘጋ ሰው ነው።

ቤታችን ኔትወርክ ስለማያስተማምን ይበልጣል የሚያውቀውን ሆቴል በረንዳ ለመነልኝ። በጾሙ እንግዳ ስላልነበረ ባለቤቱ «ወንበር እንዳትሰብሩ ብቻ» ብሎ ፈቀደ። በረንዳው ወደ ገደሉ የሚያይ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ አይቆራረጥም።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔ ስልኬን በአበባ ማስቀመጫ አስደግፌ ስጨርስ፣ በደረጃው የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት፣ ጎረቤቶቻችን ከኋላ እየወጡ ነው። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል።

«እማ! ምንድነው ይሄ?»

«ምን ምንድነው አለ? ልጄ ለሰው አገር ሰው ልትናገር ብቻዋን ትቀመጥ? ወላጅ የላትም ወይ ይበሉ?»

«እማ፣ እነሱ እኮ የሚያዩት እኔን ብቻ ነው!»

«እሱ ነው የከፋው!» አለችና ወንበሮቹን ከኋላዬ በመደዳ አስደረደረች። ከዚያ ከዘንቢሏ ዳቦ ቆሎ የሞላ ሳህን አውጥታ ስልኩ ፊት አስቀመጠች። «እንግዳ ባዶ ጠረጴዛ አያይም።»

ይበልጣል ሳቁን ሊውጥ እየታገለ «እማ፣ ሰዎቹ እኮ ጾመኞች ናቸው። ውሃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው ፊት ዳቦ ቆሎ?» አላት። እናቴ ክው አለች። ሳህኑን አፈፍ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችው። ቀና ስትል ግን ሌላ ነገር አሳሰባት። «ቄስ ምስጋናው ግን ምን ነካቸው? ቅዳሴው አልወጣም እንዴ?»

ቄስ ምስጋናው የነፍስ አባታችን ናቸው። «እማ፣ እሳቸውን ደግሞ ጠርተሻል?»

«ሳይመረቅ ምን ይጀመራል?» አለችኝ፤ እንደ እብድ እያየችኝ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሠርግም ሆነ ስብሰባ፣ አዲስ ሱቅም ሆነ የጎረቤት እርቅ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ ሳይመርቅና የተሰበሰበው አሜን ሳይል አይከፈትም። ክፉ ነገር አልነበረውም፤ ቀድመው ከመጡ ቀድሞ ያልቃል። ነገር ግን በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት ነው።

ስልኬ ላይ የናይጄሪያው ልጅ ተናግሮ ጨረሰ። ጎበዝ ነበር። የስሪላንካዋ ሴት ቀጠለች። እሷማ የባሰች ጎበዝ ናት፤ ፈገግታዋ ብቻ ያስመርጣታል። ከዚያ ሳና «አሁን ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ላሊበላ እንሻገር» ስትል የገዛ ፊቴን ስክሪኑ ላይ አየሁት። ከኋላዬ በመደዳ የተቀመጡት ጎረቤቶቼ እንደ ፎቶ ደርቀው ካሜራውን ያያሉ።

«ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ቤዛዊት ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ዜና...»

«መጡ! መጡ!» አለች እናቴ።

ቄስ ምስጋናው መስቀላቸውን ይዘው፣ በደረጃው እያለከለኩ ብቅ አሉ። በረንዳው ሙሉ ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔም ሳላስበው ብድግ አልኩ። ፓኪስታን ውስጥ የሚያዩት ሰዎች ለጊዜው የቀሚሴን መቀነት ብቻ ነው ያዩት።

«ተጀመረ እንዴ?» አሉ ቄስ ምስጋናው።

«አባ፣ አሁን ነው የጀመርኩት፤ ጊዜ የለኝም፤ ከጨረስኩ በኋላ...»

«ሳይመረቅ?»

«እኔም እሱን ነው የምላት!» አለች እናቴ።

ቄስ ምስጋናው ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩት። ሳና ከወዲያ በኩል ሻርፗን እያስተካከለች፣ ግራ በተጋባ ፈገግታ ታያቸዋለች። እሳቸው ስልኩ ውስጥ ያለ ምስል አላዩም፤ እንግዳ ነው ያዩት። ወንበሬን ስበው ተቀመጡበት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? እንዴት ነው ጾሙ? ቤተሰብሽ ደህና ናቸው?»

ይበልጣል ይህን ጊዜ ነው ሥራው የተነሣበት። አስጎብኚ የሆነ ሰው ሌላው ሲናገር ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። ከጎናቸው ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በሚያምረው እንግሊዝኛው መተርጎም ጀመረ። «እንኳን ወደ ላሊበላ በደህና መጣችሁ! ከኋላችን የምታዩት ከአንድ ዐለት...»

«ይበልጣል!» ብዬ እግሩን ረገጥኩት። ወደ ትርጉሙ ተመለሰ።

ሳና ደህና መሆኗን መለሰች። ቄስ ምስጋናው ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚህ ሰዎች እስካሁን ምንም አልቀመሱም?»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይቀምሱም አባ።»

«ውሃም?» እሳቸውም ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጡ አፋቸው ደርቋል። ደረታቸውን ነካ አደረጉ። «እንግዲያ ሳልመርቃቸው ባልፍ እግዜርስ ምን ይለኛል?» ብለው ቆሙ፤ እጃቸውን ዘረጉ። ያ የተለመደው ድምፅ መጣ።

«እግዜር ጾማችሁን ይቀበላችሁ!»

«አሜን!» አለ በረንዳው።

«የደረቀ ጉሮሯችሁን በጤና ያርጥብላችሁ!»

«አሜን!»

«የወጣውን በሰላም ይመልስላችሁ! ዝናሙን በወቅቱ፣ ፀሐዩን በልኩ ያድርግላችሁ!»

«አሜን!»

ይበልጣል አንዷንም ሳያስቀር ይተረጉማል። እኔ ዓይኔ የስልኩ ሰዓት ላይ ነው። ደቂቃዎቼ እንደ ቆሎ እየተቆረጠሙ ነው። ይባስ ብሎ በስክሪኑ ጥግ አስተያየቶች ከላይ እስከ ታች መሮጥ ጀመሩ። በማላውቀው ፊደል አንድ ዓይነት አጭር ቃል፣ አንድ ዓይነት አጭር ቃል፣ አሁንም አንድ ዓይነት አጭር ቃል። «አስወጧት» የሚሉ መሰለኝ። ሳና ደግሞ አፏን በእጇ ሸፍናለች። እየሳቀችብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። አካውንቲንግ፣ አልኩ በልቤ። በቃ አካውንቲንግ ነው።

«ቤዛ፣ ለመሆኑ ጉዳይሽ ምን ነበር?» አሉ ቄስ ምስጋናው ድንገት።

«ሌቦች አባ» አልኩ እንባዬ እየመጣ። «የሰው ድምፅ አስመስለው እየሠሩ በስልክ የሚያታልሉ ሌቦች።»

«እንዲህም አለ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «በልጃችሁ ድምፅ የሚመጣባችሁን ሌባ ምላሱን ይሰርላችሁ!»

«አሜን!» እናቴ ይቺን ከሁሉም ጮኻ ነው ያለቻት።

«ስልካችሁን ለመልካም ወሬ ያድርግላችሁ! ኔትወርካችሁን አይበጥሰው! መብራታችሁን አያጥፋው!»

ይበልጣል የመጨረሻዋን ሲተረጉም አስተያየቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ልቦች፣ ጭብጨባዎች፣ የተዘረጉ እጆች፣ ያ አጭር ቃልም በመቶ። ሳና እጇን ከአፏ አነሣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ሳቅም አለበት።

«ቤዛ» አለችኝ «ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሜን ነው የሚሉት። ከማፍጠር በፊት የሚደረግ ጸሎት ተቀባይነት አለው ብለን እናምናለን። መብራታችሁን አያጥፋው ብሎ የጸለየልን ግን እስከዛሬ አልነበረም!»

በረንዳው ይህን ሲሰማ ዕልልታውን አቀለጠው። ቄስ ምስጋናው ምንም እንዳልተፈጠረ «በይ ልጄ፣ አሁን ተናገሪ» ብለው ከወንበሬ ተነሡ።

የቀረኝ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። አራቱን ገጽ አየኋቸው። ከየት ልጀምር? መግቢያው ብቻ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሰዋስው ሳልመርጥ ተናገርኩ።

«ይቅርታ፣ ያዘጋጀሁትን ለመናገር ጊዜ የለኝም። ግን መልሱን አሁን አይታችሁታል። ሌቦቹ የልጃችሁን ድምፅ መሥራት ችለዋል። ጆሯችሁ አይለየውም፤ የእኔም አይለየውም። የእኛ አገር ሰው ግን ስልክ ሲደውል እንዳያችሁት ነው የሚጀምረው። ጾሙ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው? ጎረቤትስ? እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስደውል፣ ገጠር አጎቴ ዘንድ ያለችውን ላማችንን ሳልጠይቅ ስለ ገንዘብ ባነሣ እናቴ ‹ልጄ ታመመች› ብላ ትደነግጣለች። ሌባ ይቸኩላል። ‹እማ፣ አሁኑኑ ላኪልኝ› ነው የሚለው። ድምፄን ይሠራዋል፤ ስለ ላማችን ግን አያውቅም። ስለዚህ ልጃችሁ ደውሎ ሲጣደፍባችሁ አስቁሙት። መጀመሪያ ሰላምታውን ይጨርስ። ቤታችሁ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁት።»

ይበልጣል ይህን ለእናቴ በጆሮዋ ሹክ ይላት ነበር። «ላም» የሚለው ላይ ሲደርስ እናቴ ከወንበሯ ተነሣች።

«ላሟማ ወለደች እኮ! ዛሬ ጠዋት ነው ወሬው የደረሰኝ፤ በዚህ ግርግር ሳልነግርሽ! ሴት ጥጃ!»

«እማ!»

ይበልጣል ግን አስቀድሞ ለፓኪስታን ተርጉሞታል።

ሳና እየሳቀች «እንኳን ደስ...» ብላ ሳትጨርስ ከስልኩ ውስጥ የአዛን ድምፅ መጣ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። ስክሪኑ ጠቆረ።

ጎረቤቶቻችን ወደ ጠቆረው ስክሪን ተንጠራሩ።

«አለቀ?» አለች እናቴ። «ደህና ዋሉ እንኳ ሳንላቸው?»

«እነሱ ዘንድ ፀሐይ ከእኛ ቀድማ ትጠልቃለች እማ። ውሃ ሊጠጡ ነው።»

«እሰይ፤ ይጠጡ» አለችና የሸፈነችውን ሳህን ገለጠች። ቄስ ምስጋናው ቀድመው እጃቸውን ሰደዱ።

ሌሎቹ እየሳቁ ሲበሉ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ወረቀቶቼን አጣጥፋለሁ። ይበልጣል መጣና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ሕዝቡን እንዳለ አሜን አስባልሽው እኮ።»

«ዜናውን አላቀረብኩም ይበልጣል። የስሪላንካዋ ልጅ ሁሉን በሥርዓት ጨረሰች። እኔ ያቀረብኩት ጥጃ ነው።»

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም። ከሰዓት በኋላ እናቴ ልካኝ ወደ ገበያ ስወርድ በቪዲዮ ተደወለ። ሳና ናት። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቤዛ! እንዴት ነሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሳና፣ የትናንቱ...»

«ቄሱስ? በሉ? በጣም ደክሟቸው ነበር።»

«በልተዋል። ሳና...»

«ወንድምሽስ? ጎረቤቶችሽስ? ያቺ ጥጃ ስም ወጣላት?»

ሆን ብላ ነው? ወይስ አልተመረጥሽም ለማለት እያለሳለሰችው? «አልወጣላትም። እባክሽ ሳና፣ ውጤቱ...»

«ዝናብስ? ዘነበላችሁ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ፊቷ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ወዲያው መልእክት ገባ፤ ፓኬጄ አልቋል። ውድ አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ የሮጥኩትን ሩጫ ማንም ቢያየኝ ውሻ ያባረረኝ ይመስለው ነበር። ይበልጣል ባጃጅ ተራው ጋ ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል። «ዳታህን ክፈትልኝ! ዳታህን!» እያልኩ ደረስኩበት።

«መጀመሪያ ‹እንዴት ዋልክ› አይባልም?» አለኝ ተንኮለኛው። «በምን አውቃለሁ፣ የውሸት ቤዛ ብትሆኚስ?»

ልመታው እጄን ሳነሣ እየሳቀ ከፈተልኝ። የሳና መልእክት ገባ። እንዲህ ይላል፦ «ሰላምታዬን ሳልጨርስ ተቋረጠብን። ሌባ አለመሆኔን ግን አረጋግጠሻል ብዬ አምናለሁ። ትናንት ማታ ሰዎች ወላጆቻቸው ዘንድ እየደወሉ የቤታቸውን የምስጢር ጥያቄ ሲመርጡ አመሹ። ሐሙስ ያንቺ ነው። አዘጋጆቹ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁሻል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ለቄሱ ልትሰጫቸው ትችያለሽ?»

ባጃጅ ተራው መሐል ጮህኩ። ሾፌሮቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጥሩምባቸውን ነፉልኝ። ይበልጣል ወደ ላይ አንሥቶ አዞረኝ። ወደ ገበያ የተላክሁበትን ጉዳይ እስከዛሬ አላስታወስኩትም።

ቄስ ምስጋናው ዘንድ ሄጄ ስነግራቸው ጢማቸውን እየደባበሱ አሰቡበት። «በየሳምንቱ? እሺ፣ ምርቃት አይጠፋም» አሉ። «ጾማቸው ሲፈታ ግን ምን ብዬ ነው የምመርቃቸው? እስከዚያ ስለዚህ ስልክ ነገር ትንሽ አስረጂኝ።» አሁን በየሳምንቱ ረቡዕ ዜናውን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ምርቃታቸውን እንደ ዜናው ያዘጋጃሉ። የይለፍ ቃላቸውን የማይለውጡ ሰዎችንም ሳይቀር መርቀዋቸዋል።

እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ ሞላሁ። ቤተሰቤ ይቃወመኛል ብዬ ስፈራ፣ እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሌባ የሚይዝ ትምህርት ነው የምትማረው» እያለች ታወራልኛለች። እሷን ማረም ትቻለሁ።

ከዚያ ቀን በፊት ጥሩ የቴክኖሎጂ ዜና ማለት የስልኩን ካሜራና ሚሞሪ በትክክል መዘርዘር ይመስለኝ ነበር። አሁን ዜና ስጽፍ መጀመሪያ ይህን ስልክ የሚይዘው ማን ነው፣ ሲደውልስ ማን ያነሣለታል ብዬ እጠይቃለሁ። አስተያየት ሰጪዎቹም ፊደላቸውን እያስተማሩኝ ነው፤ ያቺን አጭር ቃል ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ችያለሁ።

እናንተንም አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለኝ። ስልካችሁ ሲጠራና የምትወዱት ሰው ድምፅ ሲጣደፍባችሁ እናንተ አትጣደፉ። ስለ ጤናው ጠይቁት፤ ስለ ጎረቤቱ ጠይቁት፤ ከዚያ ስለ ላማችሁ ጠይቁት። ላም ባይኖራችሁም ጠይቁት። «ደህና ናት» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት።